ፈላጊ ያጣው መሣሪያ

ጥቅምት 4፣ 2017፣ ዲላ

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሽመክት ቢሮው አስጠርቶ አዲስ ሥራ ጫነብኝ። የሆስፒታሉ የዕቅድና ሪፖርት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ስለሌለ ራሴን በራሴ ነው የምመራው። የጥናቱ ርዕስ ትንፋሽ ይቆርጣል፦ «የኮሎኖስኮፒ አገልግሎት አጠቃቀም አዝማሚያና የጤና ተቋማት አቅም በአገር አቀፍ ደረጃ፣ ከሆስፒታላችን ተሞክሮ አንጻር»። በሰው አማርኛ ሲነገር፣ በመቀመጫ በኩል ገብቶ አንጀት የሚያሳየው ካሜራ በአገሩ የት የት አለ፣ ማን ይታይበታል፣ የእኛውስ ለምን ሥራ ፈቶ ተቀመጠ ነው።

«ብዙ አይራቀቁበት» አለኝ። «መሣሪያው እዚህ ፈላጊ የለውም። ወደሚሠራበት ከተማ ይዛወር የሚል ሐሳብ ከበላይ መጥቷል። መደምደሚያው ስላለ እርስዎ ትንተናውን ያምጡልኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሪፖርት ስጽፍ ስለኖርኩ አልገረመኝም። እንዲያውም ቀለለኝ።

ጠዋት መጸዳጃ ቤት እንደገና ትንሽ ደም አየሁ። ኪንታሮት ነው። ወንበር ላይ የሚውል ሰው ሁሉ አለበት።

ጥቅምት 8

መሣሪያው ያለበትን ክፍል ልጎበኝ ሄድኩ። በመሣሪያው የምትሠራው አንዲት ሐኪም ብቻ ናት፣ ዶክተር ሳምራ። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይታ ትኖራለች። ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ልጆቻችን ከቤት ከወጡ ወዲህ በእሷ ነው የተጽናናችው፤ እራት እንኳ ያለ እሷ አትበላም።

«ሰው የሚመጣው ካለቀለት በኋላ ነው፣ ጋሼ ገሪማ» አለችኝ። «ደም እያየ ዓመት ይቀመጣል። ኪንታሮት ነው ይላል፣ ምች ነው ይላል፣ ቡዳ ነው ይላል።»

«ያልተማረ ሰው ምን ያድርግ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በቤተሰቤ የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ለጥናቱ የሚጠቅም መስሎኝ አባቴ በሆዱ እንደሞተ፣ ሰውም ዓይን ነው እንዳለ ነገርኳት። በስንት ዓመቱ ነው አለች። በእኔ ዕድሜ ግድም አልኳት። ጻፈችው። ምን እንደሚሠራላት እንጃ።

ለጥናቱ የያዝኩት ማስታወሻ፦ መሣሪያው በአገሩ ያለው ጥቂት ቦታ ነው፣ አብዛኛውም አዲስ አበባ። ባለሙያው ከመሣሪያው ያንሳል። ሲበላሽ የሚጠግነው ደግሞ ከባለሙያውም ያንሳል።

ጥቅምት 13

የሰው ሁሉ አፍ «አማረብህ» ሆኗል። የማኅበር ወንድሜ ዳምጠው ከሱቁ በር ላይ ጠርቶኝ «ስፖርት ጀመርክ እንዴ? ቦርጩን የት ጣልከው?» አለኝ። በእግሬ ነው የምሄደው አልኩት። ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀሁለት። ውፍረት መቀነስ ለልብ ጥሩ ነው ይባላል።

ጥቅምት 19

አቶ ሽመክት መረጃው ትኩስ መሆን አለበት ብሎ የጥቅምትንና የኅዳርን መጀመሪያ ብቻ እንድወስድ አዘዘ። ትኩስ! በጥቅምትና በኅዳር ጌዴኦ ውስጥ ማን ሐኪም ቤት ይመጣል? የዲላ ዙሪያው ቡና ቀልቷል፤ ከዲላ ከፍ ያሉት ወርቃና ገደብ ቡናው ሲደርስ ደግሞ ሕፃን ሽማግሌው ማሳ ነው የሚያድረው። የዚህ አገር ሰው በቡና ወቅት ቢታመም እንኳ ሕመሙን ጥር ድረስ ቆይልኝ ይለዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እዚህ ነው ያረጀሁት።

ኅዳር ገና ሳይገባ የጻፍኩት ግን «በተጠቀሰው ጊዜ የአገልግሎቱ ፈላጊ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ነው። ሐሰት የለበትም። ቡና ለቀማ በሪፖርት ውስጥ ዓምድ የለውም።

ጥቅምት 25

ዛሬ ብዙ ነበር። የደሙን ነው የምለው።

እሺ፣ ልታይ አልኩ። ግን የት? እዚሁ እንዳልታይ የምታየኝ ሳምራ ናት። ማታ ሽሮ አብራኝ የምትበላ፣ ሚስቴን እትዬ የምትል፣ የቤት ኪራይ የምትከፍለኝ ልጅ ፊት ሱሪዬን አውልቄ በጎኔ ልተኛ? ቢሞቱ ይሻላል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁሉም ጎረቤቶቼ ናቸው። ከሰዓት በፊት ካርድ ባወጣ ከሰዓት በኋላ ወሬው ከከተማ ወጥቶ ፍስሐ ገነት ይደርሳል።

ሀዋሳ አንድ የግል ክሊኒክ ደወልኩ። ኅዳር 13 ቀጠሮ ሰጡኝ። ለቤትም ለመሥሪያ ቤትም «የምክክር ስብሰባ አለብኝ» ብያለሁ። በእኛ አገር ስብሰባ ያለበትን ሰው ማንም ለምን አይለውም።

ኅዳር 6

የሀዋሳዋ ነርስ ደውላ መመሪያውን አነበበችልኝ። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ምግብ የሚባል ነገር በአፌ እንዳይዞር። ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም ወደ ማዶ የሚያሳይ ጥርት ያለ ፈሳሽ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት በጆግ በጆግ እየበጠበጥኩ መጨረስ። ካልጸዳ አይታይም አለች። ገብቶኛል አልኳት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የቀን መቁጠሪያውን ያየሁት። ከምርመራው በፊት ያለው ቀን ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሚካኤል። የማኅበራችን ትልቁ ቀን። ተረኛው ደጋሽ ማነው? እኔ።

ፀሐይወርቅ ጠላውን ጠንስሳለች። ዶሮዎቹ ታዝዘዋል። ቀጠሮውን አራዝሙልኝ ብዬ ብደውል ቀጣዩ ባዶ ቦታ ጥር ነው አሉ፤ ከስንት ዞን የሚመጣው ሰው እዚያው ተሰልፏል። (ይህን ለጥናቱ ልጠቀምበት ይሆን? «ፈላጊ አነስተኛ» ከሚለው ጋር አይሄድም። ይቅር።)

ደጋሽ መቼም የሚያስተናግድ እንጂ የሚበላ ሰው አይደለም። ቆሜ ሳስተናግድ እውላለሁ። ጠላ ወደ ማዶ አያሳይም፣ ጠጅ ግን ጥሩ የተጣራ እንደሆነ ያሳያል። አረቄማ ከውኃ ይበልጣል።

ኅዳር 12፣ ማታ

ምን ዓይነት ቀን ነው! ከተማው ቆሻሻውን ሲያቃጥል ጢሱ ከጠዋት ጀምሮ ግቢያችንን ሞልቶታል። ማኅበርተኛው ጢሱን እየሰነጠቀ ገባ። ቄሱ ባርከው ጽዋው ዞረ፤ እኔም ቆሜ እንጀራ አነሳለሁ፣ ወጥ እጨምራለሁ፣ አልቀመጥም። እስከዚያ ድረስ ደኅና ነበር።

ዳምጠው ነው ጉዴን ያፈላው። «ደጋሹ ያልቀመሰውን እኛ ምን በወጣን እንበላለን?» አለና ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ ተነሣ። በልቻለሁ አልኩት። «በሚካኤል!» አለ። ሆዴን ትንሽ ከብዶኛል አልኩ። ያኔ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ታመሃል እንዴ ገሪማ?»

አፌን ከፈትኩ። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል፣ ሁለተኛውን አጎረሰኝ። ከዚያ ከወዲያ በኩል ያለው ተቀየመ፣ የእሱንም ጎረስኩ። ቄሱም በረከት ነው ብለው ከዳቦው አቀመሱኝ። ጥጋብ ያልተፈቀደለት ሰው እንዴት ተደርጎ እንደሚጠግብ ዛሬ አየሁ።

መድኃኒቱን ጓዳ ደብቄ እየተመላለስኩ ጠጣሁት። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ሥራውን ጀመረ። ግቢው ያለው አንድ መጸዳጃ ቤት ነው፤ ማኅበርተኛው ደግሞ ጠላ ጠጥቷል። ተሰልፌ፣ ቀድሜ ገብቼ፣ ወጥቼ፣ እንደገና ተሰልፌ። «ይሄ ሰውዬ ሽንት ቤቱን ሊያስመርቅ ነው እንዴ?» ብሎ ዳምጠው አሳቀብኝ። አብሬ ሳቅኩ።

ሳምራ ዕቃ በማጠብ ስታግዝ ነበር የዋለችው። አንዴ ጓዳ ስገባ ጆጉን አንስታ ስታሸተው አገኘኋት። መልሳ ቦታው አስቀመጠችው።

ኅዳር 13

ሀዋሳ የወሰደኝ የሆስፒታሉ ሾፌር ቦና ነው። ስብሰባ ነው ስላልኩ መኪና ተፈቀደልኝ። ይርጋዓለም ሳንደርስ ብዙ ጊዜ አስቆምኩት። ቦና የቡሌ ልጅ ነው፣ ነገር አያጣም። «ጋሼ፣ ስብሰባዋ መንገድ ላይ ጀመረች እንዴ?» አለኝ።

ሐኪሙ ካሜራውን ገና ከማስገባቱ አወጣው። አንጀቱ አልጸዳም፣ አይታይም አለ። የዶሮ ወጡን በርበሬ አገኘው መሰለኝ። ለጥር ሌላ ቀጠሮ ጻፉልኝና፣ ማደንዘዣው እስኪለቀኝ ደግፎ የሚወስደኝ አስታማሚ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ከቦና ሌላ ማን አለኝ? ገብቶ ክንዴን ያዘ። ዲላ ስንደርስ «እኔ ምንም አላየሁም፣ ጋሼ» አለ።

ፀሐይወርቅ ስብሰባው እንዴት ነበር አለችኝ። ተራዝሟል አልኳት።

ኅዳር 17

የነቢያት ጾም ገብቷል። ተመስገን። በጾም ለምን አትበላም የሚል የለም።

ኅዳር 24

ጥናቱን አቀረብኩ። ግራፎቹ ቀለም በቀለም ናቸው። እንደ አገር የሚታየው ሰው ቁጥር እየጨመረ ነው፣ የሚጨምረው ግን መሣሪያው ባለበት ከተማ ነው አልኩ። መሣሪያ በሌለበት ፈላጊ አይመዘገብም፤ ፈላጊ ስላልተመዘገበም መሣሪያ አይላክም። ይህችን እኔው ጽፌ እኔው አነበብኳት። ገጹን ገልብጬ ወደ መደምደሚያው ሄድኩ።

ሳምራ እጇን አወጣች። «ሰዉ የማይመጣው ስላልታመመ አይደለም» አለች። «አፍሮ ነው። ፈርቶ ነው። ደግሞም ለቀማ ላይ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ራሱ…» አለችና አቋረጠች። አላየችኝም። እንዳታየኝ እንደተጠነቀቀች ግን ታየኝ።

አቶ ሽመክት አስተያየቱ ገንቢ ነው ብሎ አመሰገነና ወሰነ። መሣሪያው ታኅሣሥ 10 ተጭኖ ይሄዳል። ተጨበጨበልኝ። አዳራሹ ውስጥ ላቤ ጀርባዬን አጠበው፤ ሙቀት ነው አልኩ።

ታኅሣሥ 1

ደከመኝ። ቢሮ ለመድረስ ሁለት ቦታ ቆሜ ሰው የማናግር መሰልኩ።

ታኅሣሥ 6

እሑድ። ከቅዳሴ ስመለስ ሳምራ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣች።

«ጋሼ ገሪማ፣ ማሽኑ ሐሙስ ይሄዳል። ረቡዕ ሰው የለኝም።»

«እኔን ምን አገባኝ?» አልኳት። ከዚህም የባሰ ተናገርኩ፤ ተከራይ የግቢውን ሥርዓት ይጠብቃል፣ በሰው ጓዳ ጆግ አያሸትም አልኳት። የገዛ ልጄን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን አልሄደችም። «እኔ እርስዎን አይደለም የማየው፣ ስክሪኑን ነው» አለች። «እትዬ ፀሐይ ናት ንገሪልኝ ያለችኝ።»

ቤት ገባሁ። ፀሐይወርቅ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ጮኽኩባት መሰለኝ፤ ማን ነገረሽ፣ ቦና ነው? አልኳት።

«ልብስህን የማጥበው ማን ይመስልሃል?» አለችኝ። «ከመስከረም ጀምሮ በቀዝቃዛ ውኃ እየዘፈዘፍኩ ደሙን የማስለቅቀው እኔ ነኝ። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሱሪህን አጠበብኩ፣ ዝም አልኩ። ስብሰባ አልክ፣ ዝም አልኩ። አሁን ግን ፈራሁ ገሪማ። አንተ ስታፍር እኔ ልቀብርህ ነው።»

እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም ፈርቻለሁ አልኳት። ይሄንን ለመናገር ይህን ያህል ወር ፈጀብኝ። አልቅሰን ስናበቃ ሄዳ ሳምራን ጠራቻት፤ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እሷም እስከ ረቡዕ ምን ምን እንደማልበላ ትነግረኝ ጀመር።

ታኅሣሥ 8

ዝግጅት። በሩ ተዘግቷል። ፀሐይወርቅ ብርጭቆ ይዛ ቆማብኛለች። ዳምጠው መጥቶ ነበር፣ «ታሟል፣ መድኃኒት ይዟል» ብላ ከደጅ መለሰችው። በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነበር?

ታኅሣሥ 9

ሳምራ አየችው። ከግራ በኩል እባጭ አለ። ናሙና ወስዳለች፣ አዲስ አበባ ይላካል፤ እሷ ግን ምን እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። አልደበቀችኝም። «መጥፎ ነው፣ ግን የተስፋፋ አይመስለኝም። ይቆረጣል» አለች። «ለጥር ቢቆዩ ኖሮ እንዲህ አልልዎትም ነበር።» ስለ ሱሪዬ ነገር ያሰብኩት ከተነሣሁ በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 10

ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ። መሣሪያው ተጠቅልሎ መኪናው ላይ ወጥቷል፤ ነጂው ቦና ነው። ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ አቶ ሽመክት ርክክቡን እያስፈረመ። ወደ መኪናው ተጠጋሁ።

«ትናንት በዚህ መሣሪያ የታየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «አንጀቴ ውስጥ እባጭ ተገኝቷል። ከመስከረም ጀምሮ ደም እያየሁ ነው ፈላጊ የለውም ብዬ የጻፍኩላችሁ። ጥናቱ ልክ አይደለም።»

ካርድ ክፍል ያለችው ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቦና ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ፣ ላጥፋው?» አለኝ።

አቶ ሽመክት ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወረቀቱን አስተካክሎ «እግዚአብሔር ይማርዎት። ቀደም ብለው ቢያሳውቁን በጥናቱ ይካተት ነበር» አለና ለቦና በእጁ ንዳ አለው።

መኪናው ወጣ።

ታኅሣሥ 25

የናሙናው ውጤት መጣ። ነቀርሳ ነው። ሳምራ ያለችው ልክ ነው፣ ገና አልተዛመተም ይላሉ። ከገና በኋላ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ይደረግልኛል። እዚያው የምትኖረው ልጄ ባርኮት ከአልጋው ጀምሮ ሁሉን አመቻችታለች። ሌሊት ሌሊት እፈራለሁ፣ ለፀሐይወርቅ እነግራታለሁ፣ መልሷ «እኔም» ነው።

ጥር 2

ነገ እንሄዳለን። ቤቱ ከሳምንት ጀምሮ በጠያቂ ተጨናንቋል። ብርቱካን የምናስቀምጥበት አጣን።

ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ከየቡድኑ አንድ ሰው ወደኋላ ይቀራል። ሌሎቹ «እግዜር ይማርህ» ብለው ሲወጡ ጫማውን እያሰረ ይዘገያል። የመጀመሪያው ዳምጠው ነበር። ሰው መውጣቱን አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «እኔም'ኮ አያለሁ። ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለ። ያን ሁሉ ጉርሻ ባጎረሰኝ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት። ከዚያ ቡና ሸጦ ከገደብ የመጣ፣ ከነመፈጠሩም የማላውቀው ሰው፤ ገሪማ የሚባል ታይቶ የዳነ አለ ሲባል ሰምቶ ነው። ገና አልዳንኩም አልኩት። የት ነው የታየኸው አለኝ። እዚሁ አልኩት፤ አሁን ግን ሀዋሳ ሂድ። ሳምራ ወደየት እንደምትልካቸው ግራ ገብቷት ግቢው ውስጥ በየተራ ታናግራቸዋለች።

አመሻሽ ላይ አቶ ሽመክት መጣ። ሙዝ ይዟል። መሥሪያ ቤቱ ከጎኔ እንደሆነ ገለጸ። ጸሎት እንደሚደረግልኝ ገለጸ። አብረውት የመጡት ሲነሡ እሱም ተነሣና መልሶ ተቀመጠ።

«ያ የሀዋሳው ክሊኒክ ስልክ ካለዎት ለአንድ ዘመዴ ነበር» አለኝ።

ሰጠሁት። ስልኩ ላይ ሲጽፍ ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተ። አመስግኖ እስከ በሩ ሄደ።

«ዘመድዎ ደም ማየት የጀመረው መቼ ነው?» አልኩት።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ፀሐይወርቅ ከጓዳ ሻይ ይዛ ስትወጣ አይታን መልሳ ገባች።

«ከሰኔ ጀምሮ» አለ።

ጥናቱን ያዘዘኝ ጥቅምት ላይ ነው። ልሰድበው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሲያዞር ግን እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፣ ኮሌታው ደግሞ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ከአልጋዬ ወርጄ ወንበሩን ሳብኩለትና «ና ተቀመጥ» አልኩት።